የፓስካል ቋንቋና ዋጋው የረከሰው ማይክሮኮንትሮለር

አንድ ጥበብ ለብዙ ሰው የሚዳረሰው ዕቃው በረከሰ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ዕቃውን የሚያዝዙበት ቋንቋም ለብዙ ሰው በተገለጠ ጊዜ ነው እንጂ። መጽሐፍ በትንሽ ዋጋ ቢገዛ ቋንቋውን የሚያውቅ አንባቢ ካልተገኘለት በሣጥን ውስጥ ተዘግቶ እንደሚቀር ሁሉ፥ የስሌት መሣሪያም በጥቂት ሳንቲም ቢገዛ አሳምሮ የሚያዝዘው ሰው ካልተገኘ «ከእጅ አይሻል ዶማ» መሆኑ ነው። ዛሬ በዚህ ገጽ ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ የወደድነው ነገር ይህንኑ የሚመለከት ነው፤ ይኸውም ፓስካል የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ፥ ሪስክ ፋይቭ በሚባለው ሕግ ለሚሠሩት ዋጋቸው እጅግ ለረከሰ ማይክሮኮንትሮለሮች የሚተረጉም ኮምፓይለር የማዘጋጀት ሥራ ነው። ነገሩ ሲሰሙት የጥቂት ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ቀረብ ብለው ሲመረምሩት የተማሪ ቤቱን መምህርና ዕቃ የሚያስገዛውን ሹም የሚነካ ሆኖ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንደ ሆኑ አንባቢ ልብ ይበል።

በመጀመሪያ ማይክሮኮንትሮለር ምን እንደ ሆነ መናገር ያስፈልጋል። ማይክሮኮንትሮለር ማለት የሚያሰላው አንጎል፥ ትእዛዙ የሚጻፍበት ስፍራ፥ ለጊዜው የሚያስታውስበት ሜሞሪ፥ ከውጭ ነገር ጋራ የሚገናኝባቸው እግሮች ሁሉ በአንዲት ስንጣሪ ላይ ተሰብስበው የተሠሩበት ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። መስኮትና የጽሕፈት ገበታ የለውም፤ በልብስ ማጠቢያው፥ በሙቀት መለኪያው፥ በውሃ መሳቢያው ሞተር፥ በመብራት ቆጣሪው ሆድ ውስጥ ተሸሽጎ አንድ ሥራ ብቻ ሌሊትና ቀን ሲሠራ ይኖራል። ሰው በየቀኑ ይገለገልበታል እንጂ አያየውም። ስለዚህ የሚሳሳት እንደ ሆነ ስሕተቱን የሚነግር ድምፅ የለውም፤ ስሕተቱ የሚታወቀው ውሃው ከፈሰሰ ወይም ሞተሩ ከተቃጠለ በኋላ ነው።

ሪስክ ፋይቭ የሚባለው ግን ዕቃ አይደለም፤ ሕግ ነው። ይኸውም የስሌቱ አንጎል የሚቀበላቸው ትእዛዞች ምን ምን እንደ ሆኑ፥ እያንዳንዱም ትእዛዝ በቁጥር እንዴት እንደሚጻፍ የሚደነግግ መጽሐፍ ነው። ሥራው የተጀመረው በ2010 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በበርክሊ ባለው በካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፥ የጀመሩትም መምህሩ ክርስተ አሳኖቪችና ተማሪዎቻቸው አንድሩ ዋተርማንና ዩንሰፕ ሊ ናቸው፤ ስመ ጥሩው ሊቅ ዴቪድ ፓተርሰንም በሥራው ተባብረዋል። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይህን የመሰሉ አራት ሥራዎች ቀድመው ተሠርተው ስለ ነበሩ ይህ አምስተኛ ሆኖ ስሙ በእንግሊዝኛው ቁጥር ፋይቭ ተባለ። ከዚያ በፊት በዓለም ገበያ የገነኑት የትእዛዝ ሕጎች እያንዳንዳቸው ባለቤት ስለ ነበራቸው፥ በእነርሱ ሕግ መሣሪያ ለመሥራት የሚወድ ፋብሪካ ፈቃድ መጠየቅና ገንዘብ መክፈል ይገባው ነበር። የሪስክ ፋይቭ ሕግ ግን ለማንም ክፍት ነው፤ የወደደ ሁሉ አንብቦ ሊሠራበት ይችላል። ሕጉን የሚጠብቀው ማኅበር በ2015 ተመሠረተ፤ በ2020ም የማንም መንግሥት ጠብ እንዳይነካው በማሰብ መቀመጫውን ወደ ስዊስ አገር አዛወረ።

ሕጉ ክፍት ከሆነ በኋላ ዕቃው እየረከሰ መጣ። በ2016 ሳይፋይቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኤፍ.ኢ.310 የተባለውን ማይክሮኮንትሮለር አወጣ፤ በ2019 ጊጋዲቫይስ የተባለው የቻይና ኩባንያ ጂ.ዲ.32 ቪ.ኤፍ.103 የተባለውን አስከተለ። በ2022 ደግሞ በናንጂንግ ከተማ ያለው ደብልዩ.ሲ.ኤች. የተባለው ኩባንያ ሲ.ኤች.32 ቪ.003 የሚል ስም ያለውን ለገበያ አቀረበ፤ ዋጋውም በብዛት ለሚገዛ ሰው ወደ 10 የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ሆነ። ይህ መሣሪያ በሰከንድ 48 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል፤ ትእዛዝ የሚጻፍበት 16 ኪሎባይት ፍላሽ፥ ለጊዜው የሚያስታውስበት 2 ኪሎባይት ሜሞሪ አለው። ከአነስተኛ ዓይነቱ አንዱ ስምንት እግር ብቻ ነው ያለው። ፕሮግራሙም የሚገባበት በአንዲት ሽቦ ነው። እንግዲህ አንድ መምህር ለአርባ ተማሪዎቹ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ቢገዛ የስንጣሪዎቹ ዋጋ የአንድ መጽሐፍ ዋጋ እንኳ አይሞላም።

እንግዲህ ወደ ቋንቋው እንመለስ። የፓስካልን ቋንቋ የፈጠሩት በዙሪክ ከተማ በፌዴራሉ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት መምህር የነበሩት የስዊሱ ተወላጅ ኒክላውስ ቪርት ናቸው። ስሙም የተሰየመው ከ1623 እስከ 1662 በኖረው በፈረንሳዩ ሊቅ በብሌዝ ፓስካል ነው፤ ይህ ሊቅ ገና በወጣትነቱ በ1642 አባቱ የግብር ሹም ስለ ነበሩ የሒሳባቸውን ድካም ለማቅለል ብሎ የመደመሪያና የመቀነሻ መሣሪያ መሥራት የጀመረ ነው። ቪርት ቋንቋውን ሲያወጡ ሐሳባቸው ሁለት ነበረ፤ አንደኛው ተማሪ የፕሮግራምን ጥበብ በሥርዓት የሚማርበት እንዲሆን፥ ሁለተኛው ለእውነተኛ ሥራም የሚበቃ እንዲሆን ነው። የመጀመሪያውን ኮምፓይለር ፎርትራን በሚባለው ቋንቋ ለመጻፍ ተሞክሮ ሳይሳካ ቀረ። ሁለተኛው ግን በራሱ በፓስካል ተጽፎ፥ መጀመሪያ በሰው እጅ ወደ ሌላ ቋንቋ ተተርጕሞ፥ በ1970 ሥራውን ጀመረ፤ ከዚያ ወዲያ ራሱን በራሱ የሚተረጉም ሆነ። ቪርትም ስለ ሥራቸው በ1984 በሙያቸው ትልቅ ክብር የሆነውን የቱሪንግን ሽልማት ተቀብለው፥ በ2024 በመጀመሪያው ቀን በ89 ዓመታቸው ዐረፉ።

ይህ ቋንቋ በዓለም የተስፋፋው በዋጋ መርከስም ጭምር እንደ ሆነ ማስታወስ ይገባል። በ1983 ቦርላንድ የተባለው ኩባንያ አንደርስ ሄይልስበርግ የተባለው የዴንማርክ ተወላጅ የጻፈውን ቱርቦ ፓስካል በ49 ዶላር ከ95 ሳንቲም መሸጥ በጀመረ ጊዜ፥ ሌሎቹ ኮምፓይለሮች የሚሸጡበት ዋጋ ከዚህ ብዙ እጥፍ ነበረ። በዚህም ምክንያት ተማሪውም የቤት ሠራተኛውም ባለሙያ ገዝቶ ተማረበት። በ1993 ደግሞ ፍሎሪያን ክሌምፕፍል የተባለው ጀርመናዊ ፍሪ ፓስካል የተባለውን ኮምፓይለር መጻፍ ጀመረ፤ አንደኛው እትም በ2000 ወጣ። ይህኛው ዋጋ የለውም፤ ጽሑፉም ማንም እንዲያነበውና እንዲያሻሽለው የተፈቀደ ነው። የሚጽፉትና የሚጠብቁት በልዩ ልዩ አገር ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እንግዲህ በአንድ ወገን ክፍት የሆነ የትእዛዝ ሕግና እጅግ የረከሰ ዕቃ፥ በሌላው ወገን ክፍት የሆነ ኮምፓይለርና ለትምህርት የተፈጠረ ቋንቋ አሉ። የቀረው ሁለቱን የሚያገናኘው ድልድይ ነው።

ኮምፓይለር የሚባለው ተርጓሚ ሁለት ወገን አለው። ፊተኛው ወገን ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ያነብባል፤ ሰዋስዉን ይመረምራል፤ ስሕተት ቢያገኝ መስመሩን ጠቅሶ ይመልሳል፤ ቀና ሆኖ ቢያገኘው ምሥጢሩን ግንድና ቅርንጫፍ እንዳለው ዛፍ አድርጎ ያዘጋጃል። ኋለኛው ወገን ደግሞ ያን ዛፍ ተቀብሎ ወደ መሣሪያው ትእዛዝ ይለውጠዋል። አንድ ሊቅ የግዕዙን መጽሐፍ ምሥጢር አንድ ጊዜ ጠንቅቆ ካወቀ በኋላ፥ ወደ አማርኛም ሆነ ወደ ትግርኛ ለመተርጐም ምሥጢሩን እንደ ገና መማር እንደማያስፈልገው፥ የሚተረጉምበትን ቋንቋ ማወቅ ብቻ እንደሚበቃው፥ ለኮምፓይለሩም እንዲሁ ነው። አዲስ መሣሪያ በመጣ ጊዜ የሚጻፈው ኋለኛው ወገን ብቻ ነው። ፍሪ ፓስካልም በዚህ መንገድ ለኢንቴል፥ ለአርም፥ ለፓወር ፒ.ሲ.፥ ለኤ.ቪ.አር. መሣሪያዎች ሲተረጉም ቆይቶአል። የሪስክ ፋይቭም ኋለኛ ወገን ከ2018 ጀምሮ ገና በሥራ ላይ ባለው ቅጂ ውስጥ ተጨምሮ ሲሻሻል ኖረ፤ ነገር ግን በ2021 ለሕዝብ የወጣው 3.2.2 የተባለው እትም ይህን አልያዘም ነበር።

አሁን አንድ አንባቢ፥ «የሪስክ ፋይቭ ትርጉም አንድ ጊዜ ከተሠራ ለሁሉም አይበቃምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። አይበቃም። ሕጉ አንድ ቢሆንም መሣሪያዎቹ በመጠን ይለያያሉና፥ በጣም ለረከሰው ልዩ ልዩ ሥራ ይጠይቃል። ይህንንም በተራ እንናገራለን።

አንደኛው የመዝገቦቹ ቁጥር ነው። ሬጅስተር የሚባሉት መዝገቦች አንጎሉ የሚያሰላውን ቁጥር ለአፍታ የሚይዝባቸው ኪሶቹ ናቸው። ዋናው ሕግ 32 ኪስ ይሰጣል፤ ለርካሾቹ የተጻፈው ክፍል ግን ስንጣሪው እንዲያንስ ሲል 16 ብቻ ይፈቅዳል። አንድ የፕሮግራም ክፍል ሌላውን ክፍል ሲያዝዝ የሚልክለት ነገር ቀድሞ በስምንት ኪስ ይላክ የነበረው በስድስት ብቻ ይላካል፤ የተረፈው በሜሞሪ ላይ መቀመጥ አለበት። ኮምፓይለሩ ይህን ሳያውቅ ከአሥራ ስድስቱ በላይ የሆነውን መዝገብ ቢጠራ፥ መሣሪያው ሕግ የሌለው ትእዛዝ መጣብኝ ብሎ ሥራውን ያቆማል። ስለዚህ መዝገብ የሚያከፋፍለው የኮምፓይለሩ ክፍል በጠባብ ቤት ብዙ እንግዳ እንደሚያስተናግድ ሰው ሆኖ እንደ ገና ሊሠራ ይገባዋል።

ሁለተኛው ማባዛትና ማካፈል ነው። ይህ የአሥር ሳንቲም መሣሪያ ይደምራል፥ ይቀንሳል፥ ቁጥርን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያንሸራትታል እንጂ የሚያበዛና የሚያካፍል ትእዛዝ የለውም። ፕሮግራም ጻፊው ግን የብዜቱን ምልክት እንደ ልማዱ ይጽፋል። እንግዲህ ኮምፓይለሩ ያን ምልክት ባየ ጊዜ በመደመርና በማንሸራተት የሚያበዛ ትንሽ ፕሮግራም ከራሱ መጻሕፍት ቤት አውጥቶ ማስገባት አለበት። ክፍልፋይ ቁጥር የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ሥራው ከዚህ የበለጠ ይከብዳል፤ ስፍራም ይፈጃል። ስለዚህ ብልኅ ሠራተኛ 23 ከ5 ዐሥረኛ የሆነውን ሙቀት 235 ብሎ በሙሉ ቁጥር ይይዘዋል።

ሦስተኛው የማለዳው ሥራ ነው። በትልቁ ኮምፒዩተር ላይ ፕሮግራም ሲነሣ ሁሉን አሰናድቶ የሚጠብቀው ሌላ ፕሮግራም አለ፤ በማይክሮኮንትሮለር ላይ ግን መብራት ሲመጣ ከባዶ ቤት እንደ መግባት ነው። ፕሮግራሙ ራሱ ሥራ የሚያስቀምጥበትን የሜሞሪ ጫፍ ማመልከት፥ መነሻ ዋጋ ያላቸውን ነገሮች ከፍላሽ ወደ ሜሞሪ መገልበጥ፥ የቀረውን ስፍራ ባዶ ማድረግ፥ ከዚያ በኋላ ብቻ ዋናውን ሥራ መጥራት ይገባዋል። ይህን የሚያደርገው አጭር ጽሑፍ ለየመሣሪያው ዓይነት በተለየ ይጻፋል። ከዚህም ጋራ ፍላሹ ከየት እስከ የት፥ ሜሞሪውም ከየት እስከ የት እንደ ሆነ ድንበሩን የሚያመለክት ሰነድ ይዘጋጃል።

አራተኛው የአድራሻው መዝገብ ነው። በማይክሮኮንትሮለር ላይ መብራት ማብራት ማለት በአንድ በታወቀ አድራሻ አንድ ቁጥር መጻፍ ማለት ነው። እነዚህ አድራሻዎች በመቶ የሚቈጠሩ ናቸው። ፋብሪካው በመምሪያ መጽሐፉ ይገልጻቸዋል፤ ለፕሮግራምም እንዲመች አዘጋጅቶ የሚሰጠው ሲ በሚባለው ቋንቋ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው እያንዳንዱን አድራሻ ወደ ፓስካል መገልበጥ አለበት፤ አንዳንዱ በመሣሪያ ይገለበጣል፥ ሆኖም በሰው ዐይን መመርመሩ አይቀርም። የብራና ጸሐፊ አንዲት ፊደል ቢገድፍ ትርጓሜው እንደሚለወጥ ሁሉ፥ እዚህም አንድ አኃዝ ቢሳሳት መብራት ይበራል ሲባል ሌላ እግር ይከፈታል።

አምስተኛው የጥሪው ነገር ነው። አንድ ሰው ቁልፍ ሲጫን ወይም ሰዓት ሲሞላ መሣሪያው የያዘውን ሥራ አቋርጦ ሌላ ሥራ እንዲሠራ ይጠራል፤ ይህም ኢንተራፕት ይባላል። ጥሪው ሲያልቅ የሚመለስበት ትእዛዝ ከተራው መመለሻ የተለየ ነው፤ በመዝገቦቹ ውስጥ የነበረውም ሁሉ ሳይነካ መመለስ አለበት። እዚህ ላይ የናንጂንጉ ኩባንያ መዝገቦቹን መሣሪያው ራሱ ፈጥኖ እንዲያስቀምጥ የሚያደርግ የራሱን ብልኀት ጨምሮበታል፤ ይህም በክፍቱ ሕግ የተጻፈ ሳይሆን የኩባንያው ብቻ ነው። ኮምፓይለሩ ወይ ይህን ብልኀት መማር አለበት፤ ወይም ብልኀቱ እንዲዘጋ አድርጎ በራሱ መንገድ መሥራት አለበት። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ፤ ሕጉ ክፍት ስለ ሆነ ብቻ ዕቃው ሁሉ ክፍት ነው ማለት አይደለም።

ስድስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የስፍራ ጥበት ነው። 2 ኪሎባይት ማለት 2,048 ባይት ነው። በፓስካል ቋንቋ አንድ የጽሕፈት ቃል ርዝመቱ ሳይወሰን እንደ ልማዱ ቢነገር 256 ባይት ይይዛል፤ እንዲህ ያሉ ስምንት ቃሎች ከተቀመጡ ሜሞሪው ሞልቶ ለሌላ ነገር ስፍራ አይቀርም። የእኛ ፊደል የሆነ እንደ ሆነ ጥበቱ ይብሳል። ፊደላችን በ1999 በወጣው በሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ውስጥ ከዓለም ፊደሎች ጋራ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ዳሩ ግን ዩ.ቲ.ኤፍ. ስምንት በሚባለው አጻጻፍ አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይፈጃል። ስለዚህ የላቲን ፊደል 255 በሚገባበት ቃል ውስጥ የእኛ ፊደል የሚገባው 85 ብቻ ነው። መድኀኒቱም የታወቀ ነው፤ ጻፊው የቃሉን ርዝመት አስቀድሞ ይወስናል፥ የማይለወጠውንም ጽሑፍ በፍላሽ ላይ ያኖራል። ኮምፓይለሩም በበኩሉ ያልተጠራውን የመጻሕፍት ቤት ክፍል ሁሉ ትቶ የተጠራውን ብቻ ማስገባት፥ አራት ባይት የሚፈጀውንም ትእዛዝ በሚቻልበት ስፍራ በሁለት ባይት አሳጥሮ መጻፍ አለበት። የሕጉ ጸሐፊዎች እንዳመለከቱት ይህ ማሳጠር የፕሮግራሙን መጠን ከ25 እስከ 30 በመቶ ይቀንሳል። የብራናው ጥበት ጸሐፊውን ቃል ማሳጠር እንደሚያስተምረው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ፥ የሲ ቋንቋ ተዘጋጅቶ ተሰጥቶ የለምን የሚል ሰው አይታጣም። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ሲ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ ተወልዶ ያደገ፥ ለመሣሪያው እጅግ የቀረበ፥ ፋብሪካዎችም ሁሉ የሚደግፉት ቋንቋ ነው። ይህን ቋንቋ የሚንቅ ሰው ካለ ሥራውን የማያውቅ ነው። ነገር ግን ሲ ጻፊውን እጅግ ያምነዋል። አንድ ሰው የውሃ ጋን ከፍታን ዐሥር ጊዜ ለክቶ በዐሥር ስፍራ እንዲያኖር ፕሮግራም ቢጽፍና፥ በስሕተት ዐሥራ አንደኛውን ልክ ቢጨምር፥ ሲ አይቃወመውም፤ ቁጥሩ ከጎኑ በነበረው ነገር ላይ ይጻፋል። ያ ነገር ሞተሩን አቁም የሚለው ምልክት የሆነ እንደ ሆነ ውሃው ሞልቶ ይፈሳል፤ ምክንያቱንም የሚያውቅ የለም።

በፓስካል ግን ጻፊው ዝርዝሩ ከ1 እስከ 10 ነው፥ ሰዓቱም ከ0 እስከ 23 ነው ብሎ ድንበሩን አስቀድሞ ይናገራል። ከድንበሩ የወጣ ቁጥር በግልጥ ተጽፎ ሲገኝ ኮምፓይለሩ ገና ከመተርጐሙ በፊት ይመልሰዋል፤ በሥራ ላይ የሚገኝ ስሕተት ሲሆን ደግሞ የድንበር ምርመራ ከታዘዘ ፕሮግራሙ በዚያው ይቆማል። እዚህ ላይ ለትንሹ መሣሪያ የሚጻፈው ኮምፓይለር አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ መስኮት በሌለው ዕቃ ላይ የቆመ ፕሮግራም ስሕተቱን ለማን ይናገራል? እንግዲህ ስሕተት ሲገኝ የሚጠራ አንድ ክፍል ጻፊው ራሱ እንዲያዘጋጅ መንገድ ሊከፈትለት ይገባል፤ ያም ክፍል መጀመሪያ ሞተሩን ያቆማል፥ ቀጥሎ አንዲት መብራት በታወቀ ቁጥር ያበራል ያጠፋል። እርግጥ ነው ምርመራው ስፍራ ይፈጃል፤ በ16 ኪሎባይት ውስጥ ሁሉ ላይገባ ይችላል። ስለዚህ ሠራተኛው ምርመራውን በየክፍሉ መክፈትና መዝጋት እንዲችል፥ አደጋ ባለበት ስፍራ ብቻም እንዲጠቀምበት ተፈቅዶለታል። ምርጫው ያለው በሰው እጅ ነው፤ በሲ ግን ቋንቋው ራሱ ይህን ምርጫ አይሰጠውም።

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ በጥቂት ሳንቲም ጭማሪ ሰፊ ሜሞሪ ያለው ዕቃ ስለሚገኝ በጠባቡ ላይ መድከም ከንቱ ነው የሚል ነው። ለአንድ ዕቃ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ዕቃው በብዙ ሺህ ሲሠራ ያ ጥቂት ሳንቲም ጥቂት አይሆንም። ለተማሪም የሆነ እንደ ሆነ ጠባቡ መሣሪያ መምህር ነው፤ እያንዳንዱ ባይት ወዴት እንደ ሄደ በእጁ ቈጥሮ ሊያውቅ ይችላልና። ከዚህም በቀር ለጠባቡ የሚበቃ ተርጓሚ ለሰፊው ይተርፋል፤ ለሰፊው የተሠራ ግን በጠባቡ አይገባም።

ይሁን እንጂ የዚህ ሥራ ትልቁ አደጋ በስንጣሪው ጥበት አይደለም፤ በሠራተኞቹ ማነስ ነው። ኋለኛውን ወገን የሚጽፉት ሰዎች ጥቂቶች ናቸው፤ የሚሠሩትም ከዕለት እንጀራቸው በተረፈ ሰዓት ነው። አንድ ሰው የመሣሪያውን ስም በዝርዝሩ ላይ ጨምሮ፥ አንዲት መብራት ሲያበራ አይቶ፥ ሥራው ተፈጸመ ብሎ ሊሄድ ይችላል። ነገር ግን ብርሃን መብራቱ ማካፈሉ ትክክል እንደ ሆነ፥ ሰባት ነገር የተላከለት ክፍልም ሰባተኛውን በስፍራው እንዳገኘ፥ በጥሪ ጊዜም መዝገቡ እንዳልተነካ አይመሰክርም። የተሠራ መስሎ ያልተፈተነ ተርጓሚ ከሌለው ይልቅ ይጐዳል፤ የሌለውን ሰው ሌላ መንገድ ይፈልጋል፥ ያልተፈተነውን ግን አምኖ ይወድቅበታል። መምህሩ ትምህርቱን በእርሱ ላይ ከመሠረተና ተማሪዎቹን ካስለመደ በኋላ፥ በሚመጣው እትም ላይ ያ መሣሪያ የሚጠብቀው ሰው አጥቶ ቢቀር፥ የጠፋው ዐሥር ሳንቲም አይደለም፤ የአንድ ዓመት ትምህርት ነው።

ስለዚህ ይህን ሥራ ለመርዳት የሚወድ ሰው ሁሉ ኮምፓይለር ጻፊ መሆን አያስፈልገውም። ዕቃው በእጁ ያለ ሰው እያንዳንዱ አዲስ ቅጂ በወጣ ቍጥር የመፈተኛውን ፕሮግራም በዕቃው ላይ አስሂዶ ውጤቱን ቢያሳውቅ ትልቅ ሥራ ሠራ። የአድራሻውን መዝገብ ከመምሪያ መጽሐፉ ጋራ እያስተያየ የሚያርም ሰውም እንዲሁ ነው። ማስተማር የሚችል ደግሞ የመጀመሪያውን ትምህርት በአገሩ ቋንቋ ጽፎ ቢያኖር፥ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ተማሪ የሚደክመውን ግማሽ ድካም አስቀረለት።

ዕቃ የሚያስገዙ ሹማምንትም ከዚህ ነገር የሚወስዱት ምክር አለ። ርካሽ መሣሪያ በቀረበላቸው ጊዜ ዋጋውን ብቻ መጠየቅ አይበቃም፤ ሦስት ጥያቄ ይጨምሩበት። መጀመሪያ፥ ይህን መሣሪያ የሚያዝዘው ኮምፓይለር የማን ነው፥ ፋብሪካው ቢዘጋ ወይም ቢከለክል ሥራችን ይቆማልን? ሁለተኛ፥ ኮምፓይለሩ በዚህ በሚገዛው ዓይነት ላይ በእውነት ተፈትኖአልን፥ ወይስ ስሙ ብቻ ተጽፎአል? ሦስተኛ፥ ዛሬ የሚጽፈው ሠራተኛ ነገ ቢለወጥ የሚተካው ሰው ፕሮግራሙን አንብቦ ሊረዳው ይችላልን? ፓስካል በተለይ ለዚህ ለሦስተኛው ጥያቄ የሚረዳ ቋንቋ ነው፤ ፈጣሪው ከጅምሩ ያሰቡት ፕሮግራም በሥርዓት እንዲጻፍ ነበርና።

የትእዛዙ ሕግ ከበርክሊ ተነሥቶ ለዓለም ተከፍቶአል፤ ዕቃው በናንጂንግ ተሠርቶ በዐሥር ሳንቲም ወርዶአል፤ ቋንቋውም በዙሪክ ከተወለደ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ሆኖታል። እነዚህን ሦስቱን በአንድ የሚያስተባብረው ተርጓሚ ግን በራሱ አይወለድም፤ የሚጽፈው፥ የሚፈትነውና የሚጠብቀው ሰው ይሻል። ዕቃው መርከሱ የፋብሪካው ሥራ ነው፤ ዕቃው መጥቀሙ ግን የተርጓሚው ሥራ ስለ ሆነ፥ ለስንጣሪው ዋጋ የምንሰጠውን ያህል ትኩረት ለዚህም ሥራ መስጠት ይገባናል።